የብጉር ቅባት ፊትዎን ሲያቃጥል

ለብጉር የታዘዘልዎትን ቅባት ከጀመሩ ወዲህ ፊትዎ ደርቋል? ይላላጣል? ያሳክክዎታል? ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ «መድኃኒቱ አልተስማማኝም» ብሎ ይተወዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ ያለው በመድኃኒቱ ሳይሆን በአቀባቡ ላይ ነው።

ለምን ያቃጥላል?

በብዛት ከሚታዘዙት ቅባቶች መካከል ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ፣ ትሬቲኖይንና አዳፓሊን ይገኙበታል። ሦስቱም ቆዳን ያደርቃሉ። ቆዳው እስኪለምዳቸው ድረስ መላላጡና ማቃጠሉ በመጀመሪያዎቹ ከ2 እስከ 4 ሳምንታት ይበረታል። ብጉሩ በደንብ መቀነሱ የሚታየው ግን ከ8 እስከ 12 ሳምንታት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ በ2ኛው ሳምንት ያቋረጠ ሰው ሥቃዩን ቀምሶ ጥቅሙን ሳያይ ቀረ ማለት ነው።

ምን ያድርጉ?

• ፊትዎን በቀን 2 ጊዜ ብቻ በለስላሳ ሳሙናና ለብ ባለ ውኃ ይታጠቡ። አይፈትጉት፤ በልብስ ሳሙናም አይታጠቡ።

• ትሬቲኖይን የሚቀቡ ከሆነ ከታጠቡ በኋላ ቆዳዎ በሚገባ እስኪደርቅ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይቆዩ።

• ለመላው ፊት አንዲት የአተር ፍሬ የምታህል ቅባት ትበቃለች። አብዝቶ መቀባት ብጉሩን ቶሎ አያጠፋም፤ ቆዳውን ብቻ ይጎዳል። ዓይንዎን፣ ከንፈርዎንና የአፍንጫዎን ጥግ አያስነኩ።

• ሲጀምሩ አንድ ቀን እያሳለፉ ማታ ማታ ይቀቡ። ቆዳዎ ሲለምድ በየቀኑ ያድርጉት። ካቃጠለዎት ጥቂት ቀን አርፈው እንደገና ይጀምሩ።

• ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ከሆነ 2.5 በመቶ የሆነውን ይጠይቁ። ከ10 በመቶው ባልተናነሰ ይሠራል፤ የሚያቃጥለው ግን ያነሰ ነው። የፎጣና የልብስ ቀለም ስለሚያስለቅቅ ይጠንቀቁ።

• ሽቶ የሌለው የፊት ሎሽን ይጠቀሙ። ከፀሐይም በጃንጥላ ወይም በባርኔጣ ይከለሉ።

ምን አይቀቡ?

ሎሚና የጥርስ ሳሙና ቃጠሎውን ያብሳሉ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ፣ ስቴሮይድ ያለባቸው የፊት ማቅያ ቅባቶች ደግሞ ራሳቸው ብጉር ያወጣሉ። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ የተቆጣ ቦታ ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል።

እርጉዝ ነዎት? ለማርገዝስ አስበዋል?

እንግዲያው ቅባቱን ከመቀባትዎ በፊት ይንገሩን። ትሬቲኖይንና አዳፓሊን በእርግዝና ጊዜ አይመከሩም፤ በምትካቸው ሌላ ሊታዘዝልዎት ይችላል። የሚዋጠው የብጉር መድኃኒት አይሶትሬቲኖይን ግን በፅንስ ላይ ከባድ የአካል ጉድለት ያስከትላል። ይህን መድኃኒት የምትወስድ ሴት ከመጀመሯ 1 ወር በፊት አንስቶ ካቆመች 1 ወር እስኪሞላት ድረስ አስተማማኝ የወሊድ መከላከያ መጠቀም አለባት።

መቼ ወደ ክሊኒክ ይምጡ?

ፊትዎ ካበጠ፣ ውኃ ከቋጠረ ወይም ሽፍታ ከወጣብዎ ቅባቱን አቁመው ወዲያውኑ ይምጡ። ለመተንፈስ ከተቸገሩ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ሲመጡ ቅባቱን ከነማሸጊያው ይዘው ይምጡ፤ ምን እንደተቀቡ ስናውቅ ልንረዳዎ ይቀለናል።