እውነት ፋራ ነው? ወይስ አገሩ አይደለም?

እናንት የከተማ ልጆች፣ እስቲ በሞቴ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ! «ፋራ» የምትሉት ሰው ማነው? ሊፍት ሲነሳ የሚደነግጥ? ዜብራ የማይጠብቅ? ካፌ ሲገባ የማያውቀውን ሰው ሁሉ «እንደምን ዋላችሁ» የሚል?

ጥያቄውን ያመጣችብኝ አንዲት ወጣት ናት። ስሟ ይቆየን። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች፣ ቢሮ የምትሠራ፣ ቁምነገረኛ ልጅ ናት። ፍቅረኛዋ ደግሞ የይፋት ቆላ ያበቀለው የሸዋ ሮቢት ልጅ ነው። ተምሮ እዚሁ ሥራ ይዟል። «ክፉ ነገር የለበትም፤ ግን ያሳፍረኛል» አለችኝ። ምን አድርጎ? ካፌ ሲገባ ጠረጴዛ በጠረጴዛ ሰላምታ ያድላል። ከዘበኛው ጋር ቆሞ ዝናብ ስለመዝነቡ፣ ስለ መንገዱ ሰላም፣ ስለ ከብቱ ሳይቀር ይጠያየቃል። ሂሳብ መጥቶ «በየራሳችን እንክፈል» ሲባል እንደተሰደበ ሰው ፊቱ ይለዋወጣል። ጓደኞቿ ታዲያ «ክሮኮዳይል ዳንዲ መጣ!» እያሉ ይሳሳቃሉ። እሱ ሽማግሌ ልላክ እያለ ነው። ከዚያ በፊት ግን «ወርደሽ እናቴን እይልኝ» ይላታል። እሷ ዛሬ ነገ እያለች መንፈቅ አለፈ።

ስም አውጪዎቹ ፊልሙን እስከ መጨረሻው ያዩት አልመሰለኝም!

«ክሮኮዳይል ዳንዲ» እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ የአውስትራሊያ ኮሜዲ ነው። ዋናው ተዋናይ ፖል ሆጋን በቴሌቪዥን ከመታወቁ በፊት በሲድኒ ወደብ ድልድይ ላይ ይሠራ የነበረ ሠራተኛ ነው። ታሪኩ በረሃ ስላደገና አንዲት ጋዜጠኛ ኒውዮርክ ይዛው ስለገባች አዞ አዳኝ ነው። 10 ሚሊዮን ዶላር ባልሞላ ወጪ ተሠርቶ ከ300 ሚሊዮን በላይ ዛቀ። ሁለተኛው ክፍል እ.ኤ.አ. በ1988 ተከተለ። እኔ ሁለቱንም ያየሁት በቪዲዮ ቤት ዘመን፣ አግዳሚ ላይ ተጣብቤ ነው። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው አንደኛውን ነው፤ ዱርዬው ሴንጢ ሲያወጣበት እሱ ጎራዴ የሚያህል ቢላዋ የመዘዘበትን። እኔ ግን ለዚህች ልጅ ያዘዝኩላት ሁለተኛውን ነው።

ለምን? ሲጀምር ዳንዲ ኒውዮርክ ወደብ ላይ በድማሚት ዓሣ ያጠምዳል! ፖሊስ ከተፍ ይላል። «ፋራ ማለት እንዲህ ነው» ትላላችሁ። ቆዩ! የኮሎምቢያ የዕፅ ነጋዴዎች ፍቅረኛውን ያግቱበታል። አስለቅቆ ወዴት ይወስዳታል? ወደ አገሩ! ጠላቶቹም ተከትለው ይመጣሉ። ጠመንጃ አላቸው፣ ገንዘብ አላቸው፤ አገሩን ግን አያውቁትም። ዳንዲ በገመድ የታሰረ እንጨት አየር ላይ እያሽከረከረ፣ በድምፁ ብቻ አቦርጂን ወዳጆቹን ይጠራል፤ ያለ ስልክ! ከዚያ አንድ በአንድ ይለቅሟቸዋል። በቃ፣ እዚያ ላይ ፋራው ማን ሆነ?

እስቲ ወደ እኛ ቆላ እንውረድ። ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ በ130 ኪሎ ሜትር ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ያንዘፈዝፋችኋል። ጣርማ በር ላይ ጣሊያን የፈለፈለውን ዋሻ ስታልፉ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናችሁ። ከዚያ በደብረ ሲና ቁልቁል ነው። 1300 ሜትር ገደማ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ጃኬቱ የት ይደረግ? ማንጎው፣ ፓፓያው፣ ሽንኩርቱ፣ ማሾው፣ ማሽላው ተንጣሎ ይቀበላችኋል። አማራው፣ አርጎባው፣ አፋሩ፣ ኦሮሞው አንድ ገበያ ይገበያያል። የይፋት ወንዞች ወደ አዋሽ ነው የሚወርዱት፤ አዋሽ ደግሞ የራሱ አዞ አለው!

አፋሮች «ዳጉ» የሚሉት ነገር አላቸው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ተባብለው ሳይጨርሱ አይለያዩም። የዝናቡ፣ የግጦሹ፣ የሰላሙ ወሬ አገር የሚያዳርሰው እንዲህ ነው። ውሸት መቀላቀል ትልቅ ነውር ነው። ከአፋር ጋር ተጎራብቶ ያደገ ልጅ ዘበኛውን ስለ ዝናብ ቢጠይቅ ምን ይገርማል? ሰውን አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ ነው ለእሱ ባለጌነት።

«ገጠር እኮ ነው» ለምትሉም አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1886 ነው። የይፋት ወላስማዎች ግን በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ መንግሥት አቁመው ነበር። ከሸዋ ሮቢት ብዙም ሳይርቅ ኖራ በምትባል ቦታ የዚያ ዘመን መስጊድና የድንጋይ ቤቶች ፍርስራሽ ይገኛል።

እንግዲህ ወደ ምክሩ። አንቺ እህቴ፣ መጀመሪያ ለይተሽ እወቂ፤ ያሳፈረሽ የእሱ ምግባር ነው ወይስ የጓደኞችሽ ሳቅ? ውሸት፣ ንቀት፣ ዱላ ካለበት ከቦሌም ይምጣ ከቆላ ተይው። ሰላምታ ማብዛት ግን ጥፋት አይደለም።

ሁለተኛ፣ «እሺ» ከማለትሽ በፊት ውረጂና እዪ። የመንገዱን ሰላም አጣሪ፣ ስስ የጥጥ ልብስ ያዢ። አገሩ ወባማ ነውና ያለ አጎበር አትደሪ። እዚያ ስትደርሺ ፋራዋ አንቺ ነሽ! ሙቀቱ ያዞርሻል፣ ግመል ያስደነግጥሻል፣ ወሬው አይገባሽም። ያን ጊዜ ልብ ብለሽ ተመልከቺው። ሰው እያየ ይስቅብሻል? ወይስ ጠጋ ብሎ በዝግታ ያስረዳሻል? እናቱንና እህቶቹንስ እንዴት ነው የሚያናግረው? ባል ሲሆን የሚመስለው ያንን ነው። ከተመለስሽ በኋላም ጓደኞችሽ ፊት ያንኑ ክብር መልሺለት።

አንተም ወንድሜ፣ የድማሚቱን ነገር አትርሳ። አገር ሲለወጥ ደንቡም ይለወጣል። ዜብራ መጠበቅ፣ ሂሳብ መጋራት መማር ውርደት አይደለም፤ ሰላምታህን ግን እንዳትተው።

ደግሞ ፊልም ፊልም ነው። እነዚያ ሁለት ተዋናዮች፣ ፖል ሆጋንና ሊንዳ ኮዝሎውስኪ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 በእውነትም ተጋብተው ነበር፤ በ2014 ተፋቱ። ስለዚህ እህቴ፣ የእኔን ፊልም አይተሽ «እሺ» እንዳትዪው፣ የጓደኞችሽንም ሳቅ ሰምተሽ «እምቢ» እንዳትዪው። እናቱ ቤት ቡና ጠጥተሽ ወስኚ።