ቀልዱ ድምፁን ሲያጣ

ከዚራ ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ ጓደኛዬ የላከልኝን ቀልድ ከፈትኩ። ልጁ የታወቀ ዘፈን ግጥሙን ቀይሮ በኑሮ ውድነት ያሾፋል። ዜማው ሲገባ ድምፁ እልም! የቅጂ መብት አቤቱታ ነው አሉ። ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

አሜሪካ ውስጥ ቱ ላይቭ ክሩ በሮይ ኦርቢሰን ዘፈን ቀልደው ተከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1994 ለገበያ የቀረበ ፌዝም ቢሆን ሊፈቀድ እንደሚችል ወሰነ። የኛው አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግን ለጥቅስና ለማስተማር በር ሲከፍት ቀልድን በስም አይጠራም።

ዘፋኙ የልፋቱን ያግኝ፤ እሺ። ግን አቦ፣ በቀልዱ የሳቀ ሰው ዋናውን ዘፈን መስማት ይተዋል እንዴ? ገበያውን ካልነጠቀው አፉን ለምን እንዘጋዋለን? አዋጁ ላይ ለቀልድ አንድ አንቀጽ ይጨመር።