ለእንግዳ ሰው የሚሆን የእግር መንገድ





እኔ በጋምቤላ ክልል፥ በአቦቦ የምኖር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። በልጅነቴ የተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ዱር በእግር ይወስደን ስለ ነበር፥ ልማዱ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። በአገሬም ሥራ ስፈታ በአልዌሮ ግድብ ዳር እሄዳለሁ። ስለዚህ በዓመቱ አጋማሽ ዕረፍት ለጉዳይ ወደ አዲስ አበባ በመጣሁ ጊዜ፥ ያረፍሁበትን ዘመዴን «አንድ ቀን በእግር ውሎ ለመመለስ የሚሆን ጥሩ ሥፍራ ወዴት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ታክሲ ካጣ ሰው በቀር ማን በእግሩ ይሄዳል?» ብሎ ሳቀብኝ።

በማግሥቱ ውሃና ዳቦ ይዤ እስከ ሽሮ ሜዳ በታክሲ ሄድሁ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ዳገት ነው። የእኛ አገር ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ሲሆን፥ እንጦጦ ግን ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ የቆላ ሰው ትንፋሹ ቢያጥረው ሊያፍር አይገባውም። በየመቶ እርምጃው ቆሜ ሳለከልክ ሯጮች እየሳቁ ሰላምታ ሰጥተውኝ አለፉ።

ከዳገቱ አጋማሽ ላይ አንዲት እናት የባሕር ዛፍ ሸክማቸውን በድንጋይ አስደግፈው ሲያርፉ አገኘሁና መንገዱን ጠየቅሁ። «በአስፋልቱ አትሂድ ልጄ፤ በዛፎቹ መካከል ያለችው ቀጭን መንገድ ማርያም ታወጣሃለች። ስትመለስ ግን አታምሽ፥ ጅብ አለ» አሉኝ። ሸክሙን ላሸክማቸው ብሞክር ብቻዬን ከድንጋዩ ማላቀቅ አልቻልሁም። እሳቸው ግን ወገባቸውን አጥፈው ተነሡና ወረዱ። እኔ በባዶ እጄ ስለ ትንፋሼ ማማረሬን ያን ጊዜ ተውሁ።

እንደ ነገሩኝ ሄጄ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ ከጫኑባት ከእንጦጦ ማርያም ደረስሁ። የጥንቱን ቤተ መንግሥት ከተመለከትሁ በኋላ፥ በ2013 ዓ.ም. በተከፈተው መናፈሻ ውስጥ በጽድና በባሕር ዛፍ መካከል እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስዘዋወር ዋልሁ። ከተማው በሙሉ ከእግሬ ሥር ነበር። ለዚህ ሁሉ ደስታ ከታክሲ ሒሳብ በቀር ብዙ አላወጣሁም።

በሌላ ቀን፥ ስሙን በማልጠራው ሥፍራ፥ የበሩ ጠባቂ መልኬን አይቶ በእንግሊዝኛ አናገረኝና የውጭ አገር ሰው የሚከፍለውን ዋጋ ጠየቀኝ። በአማርኛ ብመልስለት «አማርኛ የት ተማርክ?» አለ። መታወቂያዬን አሳይቼ ገባሁ፤ እሱም ይቅርታ ጠየቀኝ፥ ክፉ ሰው አልነበረም። ነገር ግን ያን ቀን ወፎቹንም ዛፎቹንም ደህና አድርጌ አላየሁም። ለሚመጣው ዓመት አሥራ ሁለት ተማሪዎች ይዤ ለመምጣት አስቤአለሁና፥ እነሱም በዋና ከተማቸው በር ላይ እንዲህ ቢባሉ ምን ብዬ እንደምመልስላቸው ሳስብ ዋልሁ።

ሌላም ሥፍራ አለ። በየካ ተራራ ላይ ከዐለት የተፈለፈለው የዋሻ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በግማሽ ቀን ታይቶ የሚመለሱበት ነው። በሰበታ በኩል የሚኬድበት የመናገሻ ሱባ ጫካ፥ አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጽድ ያስተከሉበት እንደ ሆነ የሚነገርለት፥ ጉሬዛና ድኩላ ያለበት ነው ቢሉኝም የመኪናው ኪራይ ከኪሴ ጋር አልተስማማም።

ይህን ሁሉ ያገኘሁት ግን ከመንገደኛ እየለመንሁ ነው። ናይሮቢ የሚሄድ እንግዳ፥ ወይዘሮ ዋንጋሪ ማታይ ከቤት ሠሪዎች ያስጣሉትን የካሩራን ጫካ ለመጐብኘት ዘመድ አያስፈልገውም፤ በጫካው ውስጥ መንገዱ በምልክት ተለይቷል። በሽሮ ሜዳና በአውቶቡስ መናኸሪያዎች አንዳንድ ሰሌዳ ቆሞ፥ መንገዱ ወዴት እንደሚያወጣ፥ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፥ የመግቢያውም ዋጋ ስንት እንደ ሆነ ቢጻፍበት ወጪው ምን ያህል ነው?

እስከዚያው ድረስ ግን ከእንጦጦ በተራራው ጫፍ ጫፍ ወደ የካ የሚያደርሰውን መንገድ በእግሩ የሄደበት አንባቢ ቢኖር፥ ለአሥራ አምስት ዓመት ልጆች ይሆን እንደ ሆነ በዚሁ ዓምድ ቢገልጽልኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

አንድ መምህር
ከአቦቦ