እስትንፋስ ጠባቂው ሐኪም

ከደባርቅ ወይም ከዳባት ደጋ ወደ ጎንደር ሆስፒታል የመጣ በሽተኛ ኦፕራሲዮን ሲደረግ፣ ከደጅ የቆመው ቤተ ዘመድ የሚያስበው ምላጭ የጨበጠውን ሐኪም ብቻ ነው። ይሁን እንጂ በራስጌው ቆሞ፣ እስኪነቃ ድረስ እስትንፋሱን የሚጠብቅለት የማደንዘዣ ባለሙያ አለ።

ይህን ሙያ ከኦፕራሲዮን ክፍል አውጥቶ ለጽኑ ሕሙማን ያዋለው የዴንማርኩ ዶክተር ብየርን ኢብሰን ነው። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. የልጅነት ልምሻ በኮፐንሃገን ብዙ ሕፃናትን ፈጀ። ኢብሰንም የደረታቸው ጡንቻ ሰልሎ መውጣት የሚገባው አየር በውስጣቸው መታፈኑን ተረዳ። ስለዚህ የ12 ዓመት ልጃገረድ ጉሮሮ አስበስቶ፣ በቱቦና በእጅ በሚጨመቅ ከረጢት አስተነፈሳት፤ ከሞትም ተረፈች። ከዚያ ወዲያ 1,500 ያህል ተማሪዎች ቀንና ሌሊት እየተፈራረቁ ከረጢት ጨመቁ። አስቀድሞ መተንፈስ ከተሳናቸው አብዛኞቹ ይሞቱ ነበር፤ አሁን ግን አብዛኞቹ ዳኑ። በማግሥቱ ዓመት ኢብሰን የጽኑ ሕሙማን ክፍል አቋቋመ።

እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1954 የጤና ኮሌጅ የተከፈተባት ጎንደርም ዛሬ በዩኒቨርሲቲዋ የማደንዘዣ ባለሙያዎችን ታሠለጥናለች። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ይህን ትምህርት ቢመርጥ «ማስተኛት ብቻ ነው» ብላችሁ አታቃልሉበት፤ በሽተኛው ሲተኛ የማይተኛው እርሱ ነውና።