ማራገቢያ ከመስቀላችን በፊት ጣሪያችንን እንይ

መተማ ቆላ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ይበረታል። ፀሐይ ሲመታው የዋለ ቆርቆሮ ማታም ቤቱን እንደ ምድጃ ያግለዋል። ልጆች ላብ በላብ ሆነው ያድራሉ። ትልቁም ሰው እንቅልፍ ሳይወስደው ይነጋል።

ቤታችን መብራት ገባ። ሰሊጥ ሸጠን ገንዘብ ስናገኝ የጣሪያ ማራገቢያ ገዛን። ቬንትሌተር የሚሉት ነው። ቸኩለን ኮርኒሱን በያዘው ቀጭን እንጨት ላይ በሚስማር ሰቀልነው።

አራት ቀን ጥሩ ነፋስ ሰጠን። በአምስተኛው ሌሊት ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ ሰማን። ከላይ አቧራ ወረደ። ማራገቢያው ይወዛወዛል። ከሥሩ ሁለት ልጆች ተኝተዋል። ቶሎ አጠፋነውና ልጆቹን አነሣን። ሲነጋ ብናይ ሚስማሩ ግማሹ ወጥቷል።

ጎረቤታችን አናጢ ናቸው። ጠራናቸው።

«ጋሼ፣ ምን አጠፋን?» አልናቸው።

ቀና ብለው አዩና፣ «ልጆቼ፣ ኮርኒስ ጌጥ ነው እንጂ ሸክም አይችልም» አሉን።

ከዚያ ወዲህ የተማርነውን ለእናንተም እንንገራችሁ።

አንደኛ፣ የሚሰቀልበት ቦታ። ማራገቢያ ብዙ ኪሎ ይመዝናል። ሲዞር ደግሞ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ጣሪያውን በተሸከመው ወፍራም አግዳሚ እንጨት ላይ ይሰቀል። በሚስማር ሳይሆን በቡሎንና በዳዶ ይጥበቅ። ምስጥ የበላው እንጨት ከሆነ አስቀድሞ ይለወጥ።

ሁለተኛ፣ ከፍታው። ክንፎቹ ከወለሉ ቢያንስ 2 ሜትር ከ30 ሳንቲም ከፍ ይበሉ። ከግድግዳም ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይራቁ። ከሥሩ ቆሞ ልጅን ወደ ላይ ማንሣት አደጋ ነው። ጣሪያው ዝቅ ላለ ቤት የጠረጴዛ ማራገቢያ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ምርጫው። 3 ሜትር በ3 ሜትር ለሆነ ክፍል ከጫፍ እስከ ጫፍ 120 ሳንቲም የሆነ ይበቃል። 4 በ4 ለሆነ 140 ሳንቲም ይስማማል። ካርቶኑን ራሳችን እናንብብ። 220 ቮልት የሚል ይሁን። ዋቱንም እንይ። ዋት የሚወስደውን መብራት መጠን ይነግረናል። የተለመደው 75 ዋት ያህል ይወስዳል። አዲሱ ዓይነት ሞተር ያለው 30 ዋት ያህል ነው። ይህኛው ሲገዛ ዋጋው ከፍ ይላል፤ የመብራት ሒሳቡ ግን ይቀንሳል።

አራተኛ፣ ሽቦው። ኤሌክትሪክ ይገድላል። ግድግዳ ላይ ያለውን ማጥፊያ መጫን ብቻ አይበቃም። ከቆጣሪው አጠገብ ያለው ብሬከር ይጥፋ። ሽቦውን የሚያገናኘው ሙያው ያለው ሰው ይሁን። የእኛ ሥራ መሰላል መያዝ ነው።

አምስተኛ፣ አጠቃቀሙ። ማራገቢያ ቤቱን አያቀዘቅዝም። ላባችንን እያደረቀ ሰውነታችንን ነው የሚያቀዘቅዘው። ሰው የሌለበት ክፍል ውስጥ ቢዞር ኪሳራ ነው። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ነፋሱ ራሱ ሰውነትን ያሞቃል። ያን ጊዜ ማራገቢያውን እናጥፋ። ጥላ ሥር እንቀመጥ፣ ውሃ እንጠጣ፣ ገላችንን በውሃ እናርጥብ።

አንድ ነገር አንርሳ። አገራችን ወባ አለበት። ማራገቢያ አጎበርን አይተካም። አጎበሩም ከክንፎቹ እንዲርቅ ዝቅ ተደርጎ ይታሰር።

አሁን የእኛ ማራገቢያ በወፍራሙ እንጨት ላይ በቡሎን ታስሯል። ድምፅ የለውም። ልጆቹ ከሥሩ ደህና ያድራሉ።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? እናንተም ዛሬ ማታ ቀና ብላችሁ እዩ። ማራገቢያችሁ ከተወዛወዘ አጥፉት። ሲነጋም አናጢ ጥሩ።