በደጋ ቤቶች ስለሚበቅለው ሻጋታና በሕፃናት ጤና ላይ ስለሚያደርሰው ጕዳት

በአማርኛ ሻጋታ ሲባል በመጀመሪያ የሚታሰበው ምግብ ነው። እንጀራው ሻገተ፣ ዳቦው ሻገተ ይባላል፤ ቤቱ ሻገተ ሲባል ግን እምብዛም አይሰማም። ይሁን እንጂ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው የዝናብ ወራት በደጋው አገር ከብዙ ቤቶች ግድግዳ ላይ ይኸው ሻጋታ ይበቅላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የሻጋታውን ምክንያትና ሕዝቡ ስለ ሕፃናት ሳል ካለው አስተያየት ጋር ያለውን ግንኙነት መግለጥ ነው።

የጭቃ ቤት ግድግዳ በእንጨት ተማግሮ ጭድ በተቀላቀለበት ጭቃ ይመረጋል። የድንጋይ መሠረት ከሌለው ከመሬት እርጥበት ይስባል። የሣር ክዳን ጢሱንና እንፋሎቱን ቀስ በቀስ ያሳልፋል፤ ቆርቆሮ ግን ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ የሰው ትንፋሽና የድስት እንፋሎት ከሥሩ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል። በከተማ ደግሞ ግድግዳውን ለማሳመር በዱቄት ሙጫ ጋዜጣ መለጠፍ የተለመደ ነበር። ሻጋታ ለመብቀል እርጥበትና ምግብ ይፈልጋልና፣ ወረቀቱም ሙጫውም ቀለብ ይሆኑለታል።

ሻጋታው የሚራባበት ዘር እንደ ትቢያ በአየር ይበተናል። ብዙው ከሚሊሜትር አንድ መቶኛ ያነሰ በመሆኑ ከትንፋሽ ጋር ወደ ሳንባ ይገባል። ሕፃናት ከክብደታቸው አንጻር ከዐዋቂ ይልቅ ብዙ አየር ስለሚተነፍሱና የሳንባቸው ዕድገት ገና ስላልተፈጸመ ጕዳቱ ይበረታባቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ፣ እርጥበትና ሻጋታ ባለበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች በሳል፣ በአስምና በመተንፈሻ አካላት ሕመም ይበልጥ እንደሚጠቁ አመልክቷል።

በሕዝቡ ዘንድ ግን ሕፃን ሲያስል ብዙውን ጊዜ «ብርድ መታው» ይባላል። እናትም ነፋስ እንዳይገባ መስኮቱን ትዘጋለች፣ ቀዳዳውን ትደፍናለች፣ ልጁንም ከግድግዳው ሥር ሸፍና ታስተኛዋለች። አሳቧ ከፍቅር የመነጨ ነው፤ ነገር ግን እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ ሻጋታው ይጠናል፤ ሳሉም ሲብስ መስኮቱ ይበልጥ ይዘጋል። በሽታውና መከላከያው እንዲህ እርስ በርሳቸው ይመጋገባሉ።

እሳት ማንደድም ቤቱን ቢያደርቅ ጢሱ ራሱ ለሕፃናት የሳንባ ምች ምክንያት ከሚሆኑት አንዱ ስለሆነ ፍጹም መድኃኒት አይደለም። የሚሻለው በቤቱ ዙሪያ ቦይ መቅደድ፣ የተለጠፈውን ወረቀት ማንሣት፣ ግድግዳውን ኖራ መቀባት፣ የልጁን መኝታ ከግድግዳው ማራቅ፣ ፀሐይ በወጣ ጊዜም መስኮት መክፈት ነው። እርጥበቱ ሳይወገድ ሻጋታው ቢፋቅ ተመልሶ ይበቅላል።

ስለዚህ የሕዝብን መድኃኒት የሚያጠና ተማሪ ለሳል የሚሰጠውን ቅጠል ብቻ መዝግቦ መመለስ አይበቃውም። ሕፃኑ የተኛበትን ሥፍራ፣ የግድግዳውን መልክና መስኮቱ የሚከፈትበትን ሰዓት ጭምር መመርመር ይገባዋል። «ነፋስ ይመታዋል» ለምትል እናትም ነፋስ አይጎዳም ብሎ ከመከራከር ይልቅ፣ ልጁ ፀሐይ ሲሞቅ ቤቱ ይናፈስ ማለት ከልማዷ ጋር የሚስማማ ምክር ይሆናል።