ከጦር ኃይል የወጣ ቴክኒሽያን በገበያ ስንት ያወጣል?

በአሜሪካ የሥራ ገበያ እ.ኤ.አ. በ2023 የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቴክኒሽያን መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ ወደ 73 ሺህ ዶላር ሲሆን፣ የመሐንዲሱ ደግሞ ወደ 109 ሺህ ዶላር ነበር። ይህ የ36 ሺህ ዶላር ልዩነት በተለይ የሚያንገበግበው ከጦር ኃይል የተሰናበተውን ባለሙያ ነው። ራዳር ሲፈታና ሲገጥም፣ የመርከብ ሬዲዮ ሲጠግን ስምንትና አሥር ዓመት ቢቆይም፣ ሲቪል ገበያ ሲወጣ በአብዛኛው የሚቀርብለት ዝቅተኛው ዋጋ ነውና።

ቀጣሪዎች ይህን የሚያደርጉት በንቀት አይደለም። ወታደሩ የሠለጠነው የተሠራ መሣሪያ ሲበላሽ በአስቸኳይ ወደ ሥራ እንዲመልስ ነው። መመሪያውን ከፍቶ የተቃጠለውን ካርድ ይለያል፣ ያወጣል፣ ሌላ ይተካል። መሐንዲስ የሚከፈለው ግን ገና ያልተሠራውን ለመንደፍ ነው። አንድ ሰርኪዩት ከመገጣጠሙ በፊት ምን ያህል ሙቀትና ኃይል እንደሚሸከም በሒሳብ ማሳየት፣ የምርቱንም ወጪ በሳንቲም ደረጃ ማውረድ ይጠበቅበታል። በግንባር ላለ ጠጋኝ ደግሞ የሳንቲም ጉዳይ ራስ ምታቱ ሆኖ አያውቅም።

ይህን ርቀት ተሻግረው ከከበሩት አንዱ ኬን ኦልሰን ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1946 በአሜሪካ ባሕር ኃይል በኤሌክትሮኒክስ ቴክኒሽያንነት ካገለገሉ በኋላ፣ ኤም.አይ.ቲ. ገብተው በኤሌክትሪክ ምሕንድስና የመጀመሪያና የማስተርስ ዲግሪ ያዙ። በዚያው ተቋም ላቦራቶሪ በኮምፒዩተር ሥራ ቆይተውም በ1957 ከባልደረባቸው ሃርላን አንደርሰን ጋር ዲጂታል ኢኩዊፕመንት የተባለውን ኩባንያ በማሳቹሴትስ፣ በአንድ አሮጌ የሱፍ ፋብሪካ ውስጥ ከፈቱ። ገንዘቡን ያወጣው አሜሪካን ሪሰርች ኤንድ ዴቨሎፕመንት የተባለው የኢንቨስትመንት ድርጅት ሲሆን፣ 70 ሺህ ዶላር ሰጥቶ 70 በመቶ ድርሻ ወሰደ። ድርጅቱን ይመሩ የነበሩት ጆርጅ ዶሪዮም ራሳቸው በብርጋዴር ጄኔራልነት ጦሩን ያገለገሉ ሰው ነበሩ።

ከባለገንዘቦቹ በኩል ለሁለቱ ወጣቶች የተሰጠው ምክር የነጋዴ ምክር ነበር። በዚያን ጊዜ በኮምፒዩተር ሥራ የሚከስረው ብዙ ስለነበር፣ ቃሉን ጨርሶ ከዕቅዳችሁ አውጡት ተባሉ። እነርሱም በቅድሚያ ለላቦራቶሪዎች የሚሆኑ የሰርኪዩት ሞጁሎችን ሸጡ፤ ኮምፒዩተሩ የመጣው ቆይቶ ነው። ያቺ 70 ሺህ ዶላር ከአሥር ዓመት ጥቂት ባለፈ ጊዜ ውስጥ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተገምታለች። ኩባንያው በ1998 ለኮምፓክ ሲሸጥ ደግሞ የተስማሙበት ዋጋ 9.6 ቢሊዮን ዶላር ነበር።

እንዲህ ያለው ዕድል ለስንቱ ይደርሳል? ባለ 70 ሺህ ዶላሩ ለጥቂቶች ነው። ለብዙኃኑ የትምህርቱን ወጪ የሸፈነው መንግሥት ነበር። በ1944 በወጣው የተመላሽ ወታደሮች ሕግ መሠረት 2.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ኮሌጅ ገብተዋል። ዛሬ ያለው ሕግ ደግሞ 36 ወር የትምህርት ድጎማ ይሰጣል፤ ይህም ዘጠኝ ዘጠኝ ወር ሲታሰብ አራት የትምህርት ዓመት መሆኑ ነው። ሆኖም በጦር ትምህርት ቤት የተወሰደው ኮርስ ሁሉ ለዲግሪ አይቆጠርም፤ ውሳኔው የኮሌጁ ነው። ሒሳቡን ቀድሞ ያላጠናከረ ሰው ድጎማውን በመሰናዶ ኮርስ ሊጨርሰው ይችላል።

አራት ዓመት የመጠበቅ አቅም ለሌለው አጭሩ መንገድ ወረቀት መያዝ ነው። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን የሚሰጠው የሬዲዮ ባለሙያ ፈቃድ አንድ የ24፣ አንድ የ100 ጥያቄዎች ፈተና አለው። ለራዳር ተጨማሪ የ50 ጥያቄ ፈተና አለ። ፈቃዱ የዕድሜ ልክ ነው። ባለቤቱን መሐንዲስ ባያደርገውም፣ በአውሮፕላንና በመርከብ ሬዲዮ ጥገና በር ይከፍታል።

ከቀጣሪ አንጻር ደግሞ ስኪልብሪጅ የተባለው ፕሮግራም ርካሽ ግብይት ነው። ወታደሩ ከመሰናበቱ በፊት፣ አዛዡ ከፈቀደ፣ እስከ 180 ቀን በሲቪል ኩባንያ ይሠራል፤ ደመወዙን ግን የሚከፍለው ጦሩ ነው። አሜሪካ ሆነው በጦሩ የሚያገለግሉ የኢትዮጵያ ተወላጆችም ጥያቄውን ማቅረብ ያለባቸው የስንብት ወረቀት ሳይጻፍ ነው።

ወታደሩ ይዞት የሚወጣው ሌላ ዋጋ ያለው ዕቃ የምስጢር ሥራ ፈቃድ ነው። የጦር መሣሪያ አምራቾች አጥብቀው ይፈልጉታል፤ አዲስ ማስመርመር ወራት ይፈጃልና። ችግሩ እንደ ቲማቲም የሚበላሽ መሆኑ ነው። ባለሙያው ፈቃዱን ከሚጠይቅ ሥራ ከ24 ወር በላይ ከራቀ፣ ምርመራው በአብዛኛው እንደገና ከሀ ይጀመራል።